ዳኛው ሆዱን ተሰፍቶ ሲመለስ

ካልሲውን ቢለምኑት እግሩን ጨምሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ በፈረስ ጋሪ ጭኖ በየበሩ ማደል ሥራው ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ስሙን ከረሳው ስለቆየ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ እሺ» ነው የሚለው።

አንዴ ልብስ ሰፊው «ከሰዓት ጣሪያዬን ታግዘኛለህ?» ብሎ ቢጠይቀው «እሺ» አለ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «ከሰዓት ዕቃዬን ታጓጉዝልኛለህ?» ቢለው «እሺ» አለ። ከሰዓት ግን ከሁለቱም ዘንድ አልተገኘም፤ ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ ጉድጓድ እንዲቆፍርለት ለምኖት ኖሮ እዚያ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ሁለቱ ተቀያሚዎች ሊወቅሱት ሲመጡ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«እሺ፣ ውቀሱኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሳይፈርስ እንዴት ኖረ ቢባል፣ መልሱ ሚስቱ ናት። እሱ በር ላይ «እሺ» ይልና ጓዳ ገብቶ ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ እሷ መቀነቷን አጥብቃ ትወጣና «መሰላሉ ተሰብሯል» ወይም «ክፍሉ አይበቃንም» ትላለች። ሰፈሩም ለእሷ ስም አልነፈጋትም። «እትዬ እምቢ» ይሏታል። ደግነቱ ለእሱ ይመዘገባል፣ ክፋቱ ለእሷ። የሴቶቹ ወሬ ሲጀመር «ምስኪን፣ እንዲህ ያለ ቅን ሰው ከእንዲህ ያለች ቆጥቋጣ ጋር» ተብሎ ነው፤ ሲያልቅም እንደዚያው።

ከሁሉ የከፋው የቁም ሳጥኑ ነገር ነበር። ከመንገዱ ጫፍ፣ አረንጓዴ በር ካለው ቤት የሚኖሩ አሮጊት አሉ። እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት ወስደው ያሳደጉት እኚህ ናቸው። በሻይ የራሰ ዳቦ አጉርሰው አሳደጉት፤ አንድ ቀን እጃቸውን አላነሱበትም። ግን በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ፣ ቤቱ ምንም ደግ ቢሆን፣ እምቢ የሚለውን ቃል ከደጅ አውልቆ ነው የሚገባው። ማንም አውልቅ ሳይለው። እና እማማ ከዓመታት በፊት «ይህ ቁም ሳጥን ቤቴን ሞላው፤ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ» ሲሉት «እሺ» አለ። የእነሱ ቤት አንድ ክፍልና ጓዳ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ከገባ አንዳቸው መውጣት አለባቸው። የተለመደው ሆነ፤ ሚስቱ ሄዳ እምቢ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ አረንጓዴውን በር ለእሷ ከፍተውላት አያውቁም። እሱ ብቻውን እየሄደ ይጠይቃቸዋል። ስለ ቁም ሳጥኑ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አሁን ወደ ፈረሱ።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ስሙ ዳኛው። ዳኛው የተባለው ፊቱ ረጅምና የተቆጣ ስለሚመስል ብቻ አይደለም። ጠዋት ጋሪውን እየጎተተ የእያንዳንዱን ደንበኛ በር ራሱ ያውቀዋል። ማንም ሳይነግረው ይቆማል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ እንደ ችሎት ጸጥ ይላል። በሩ ተከፍቶ ከትናንት የተረፈች ቁራሽ ዳቦ እስክትሰጠው ድረስ ፋይሉ አይዘጋም። ያቺን ከዋጠ በኋላ ወደሚቀጥለው በር። ሰፈሩ በዚህ ይዝናና ነበር፤ ልብስ ሰፊው እንዲያውም «እኔ ጋ ቅቤ ካልተቀባ ይግባኝ ይጠይቃል» እያለ ያስቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የዳኛው ነገር የተገላቢጦሽ ሆነ። ቁራሿ ለእያንዳንዱ ሰጪ ጌጡ ነበረች፤ ሸክሙ በሙሉ አንድ ሆድ ውስጥ ገባ።

አንድ ቀን ከመንገድ መሃል ቆመና ወደ ገዛ ጎኑ ዞሮ ሆዱን ያይ ጀመር። መሬቱን በኮቴው ጫረ። ከዚያ ጋሪው ከላዩ ሳይፈታ ሊተኛ ተንበረከከ። ጋሼ እሺ የፈረሱ ላብ እንደ ውሃ ሲወርድ ሲያይ ሮጦ ጋሪውን ፈታለት። በከብት መጫኛ መኪና ወደ እንስሳት ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሆዱ ተከፈተ፤ ሐኪሟ ስትወጣ በባልዲ የያዘችውን አሳየችው። እንደ ጭቃ የተጋገረ ሊጥ ነበር።

«ይህ ፈረስ ተርቦ አይደለም የታመመው» አለችው። «ተወዶ ነው።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቁጥብ፤ እጇን ስትታጠብ እንኳ ውሃ አታባክንም። ፈረሱን ወደ ቤት የሚመልስበት ቀን ሲደርስ አስቀምጣ ነገረችው። ቀዶ ጥገናው የሥራው ግማሽ ነው፤ ግማሹ ጋጣው ውስጥ ነው የሚሠራው። ጋጣው ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ሆዱ ሥር ያለውን ስፌት በየዕለቱ ይዩ፤ ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ፈሳሽ ቢያወጣ ይደውሉ፤ ውሃ እንዳይነካው። ለስላሳ ሣር በጥቂት በጥቂቱ፤ ውሃ እንደ ልቡ። በገመድ እየሳቡ አጠር ያለ ዝግ ያለ የእግር ጉዞ። ሩጫ የለም፣ ጋሪ ለወራት የለም። ድዱ ሮዝ መሆኑን ይዩ። ፋንድያውን ይዩ፤ ከሁሉ በላይ ፋንድያውን።

«አንድ ነገር ደግሞ» አለችው። «ዳቦ፣ ኬክ፣ ብስኩት፣ ፍርፋሪ፣ ምንም እንዳይቀምስ። ከእርስዎ እጅ በቀር ከማንም እጅ አይብላ። ይህ ሆድ ገና ሳይሽር እንደገና ከደረቀበት ዳግመኛ ልከፍተው አልችልም። ይሞታል። ገባዎት?»

«እሺ» አላት።

ሐኪሟ ትክ ብላ አየችው። «እንዲህ ቶሎ እሺ የሚሉኝ ሰዎች ናቸው የሚያስፈሩኝ።»

ዳኛው ሆዱን በሰፊ ፋሻ ተጠምጥሞ ከመኪናው ሲወርድ ሰፈሩ መንገድ ላይ ተሰልፎ ጠበቀው። ልብስ ሰፊው ፋሻውን ዞሮ ዞሮ መረመረና «ማን ሰፋለት? ለእኔ ቢሰጡኝ ሁለት ኪስ አወጣለት ነበር» አለ። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ሁሉም ሰው አንድ እጁን ከኋላው ደብቋል፤ ባዶ እጁን ሕመምተኛ የሚጠይቅ የለማ። ሚስቱ ግን በሩ ላይ ተገትራ ነበርና ያን ቀን አንዲትም ፍርፋሪ አላለፈችም። «እትዬ እምቢ ዛሬም ሥራዋ ላይ ናት» እያሉ ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ሻሿን እያሰረች ልትወጣ ስትል አያት።

«ወዴት ነው?»

«ዳቦው ራሱን አያድልም። ከጋጋሪው የእጅ ጋሪ ተውሻለሁ፤ እኔ እገፋለሁ። አንተ ከፈረስህ ጋር ሁን።»

«እኔ ልግፋና አንቺ በር ላይ ብትሆኚስ? አንቺ… ታውቂበታለሽ።»

«ምኑን ነው የማውቅበት?»

«እምቢ ማለቱን።»

ሻሿን ማሰር ተወችው። «ስማኝ» አለችው፣ ሳትቆጣ፤ አለመቆጣቷ ነው የባሰው። «እኔም ከእናቴ ማህፀን እምቢ እያልኩ አልወጣሁም። እዚህ መጥቼ ነው የተማርኩት።» ወጥታ ሄደች፤ የጋሪው ጎማ እስከ መታጠፊያው ሲንጫረር ይሰማው ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ያዘዘችው የእግር ጉዞ ሰዓት ደረሰ። ከቤቱ ጀርባ አጥር ያለው ሜዳ አለ፤ ለስላሳ፣ ሰው የማይረግጠው። እዚያ ሊወስደው ይችል ነበር። ግን ፈረሱም ሰውየውም በዕድሜያቸው የሚያውቁት አንድ መንገድ ነው፤ ገመዱን ሲይዝ እግሩ ራሱ ወደዚያ ዞረ። ደግሞም ወዳጆቹን ሲያይ ዳኛው ደስ ይለዋል ብሎ አሰበ። የዳቦ አዳይ ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው አይሳሳተውም።

ዳኛው በመጀመሪያው በር ላይ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አደረገ።

በሩ ተከፈተ። «ውይ የኔ ጌታ፣ እንዴት ከሳህ! ቁራሽ ልስጠው?»

«ሐኪሟ ከልክላለች» አለ ጋሼ እሺ።

«ሐኪሟ እዚህ የለችም። ትንሽ ብቻ።»

«እሺ… ትንሽ ብቻ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ደንበኛው ግማሽ ጢሙን አረፋ ለብሶ በመስኮት ያያል። «አንተ፣ ለሌላው ፈቅደህ ለእኔ ልትከለክል ነው? ምን በደልኩህ?» እሺ፣ ትንሽ ብቻ። ልብስ ሰፊው ጋ፣ ትንሽ ብቻ። መጨረሻ ላይ አረንጓዴው በር። እማማ በሻይ ያራሱትን በሳህን ይዘው ቀድመው ወጥተው ይጠብቁ ነበር። «ይህ ደግሞ ዳቦ አይባልም» አሉት፤ «ጥርስ የሌለው ይውጠዋል።» እኚህን ጭራሽ እንዴት እምቢ ይበላቸው?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ፍርፋሪ ቢያብር ፈረስ እንደሚጥል ግን ተራች አልተረተለትም።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ሣሩን አሸተተና ተወው። ጋጣው ወለል ላይ ፋንድያ የለም። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጎኑ ዞሮ ሆዱን አየ። ጋሼ እሺ ያቺን አስተያየት ያውቃታል፤ ስልኩን አውጥቶ ሐኪሟ ጋ ደወለ።

«ማን አበላው?» አለች ሐኪሟ።

«ማንም… ማለቴ፣ ሁሉም። ግን ሁሉም ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሰጡት።»

  ትእዛዙ ወዲያው መጣ፦ ከፊቱ ያለውን ሣር ያንሱ። በዝግታ ሜዳው ላይ ያንቀሳቅሱት፤ ሜዳው ላይ ነው ያልኩት። እንዳይንከባለል፤ ከተንከባለለ ስፌቱ ይተረተራል። ጆሮዎን ከጎኑ ለጥፈው ያዳምጡ፤ ሆዱ ሲያጉረመርም ከሰሙ ተስፋ አለ። እየመጣሁ ነው።

ሚስቱ ባዶውን ጋሪ እየገፋች ስትመለስ ባሏን ጆሮውን ከፈረስ ጎን ለጥፎ አገኘችው። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ ወሬው መንገድ ላይ ደርሷት ነበር። ጋሪውን ተወችና ዞራ በወዲያኛው ጎን ጆሯዋን ለጠፈች። በመሃላቸው ፈረስ፤ የሚተያዩት በጀርባው ላይ ነው።

«ይሰማሻል?»

«ምንም። አንተስ?»

«ምንም።»

ጥቂት አራመዱት፤ ቆሙ፤ ደግመው ጆሯቸውን ለጠፉ። ፀሐይ ወደ አጥሩ ዘንበል ብላለች።

«ሲጠይቁኝ እኮ እምቢ ልል አፌን እከፍታለሁ» አለ ከወዲያ ማዶ። «ከዚያ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚተወኝ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።»

 ሚስቱ፣ ድምጿ በፈረሱ ጸጉር ውስጥ ታፍኖ፣ «እኔን ሲተዉኝስ?» አለችው። «እኔን ቢተዉኝ ግን አልፈራህም።»

  እሱ ጆሮውን ለጥፎ ቆመ፤ ግን አሁን የፈረሱን ሆድ ማዳመጡን ትቶ ያለፈውን ዘመን ሁሉ እያዳመጠ ነበር፤ መሰላሉን፣ ክፍሉን፣ ቁም ሳጥኑን። ሁሉም እምቢታ የእሱ ነበር። እሷ የተሸከመችለት ብቻ።

ያን ጊዜ ከጆሮው ሥር የሆነ ነገር ተንጎራጎረ። ከሩቅ የሚመጣ ነጎድጓድ ይመስላል።

«ሰማሽ?»

«ዝም በል!»

ነጎድጓዱ ቀረበ። ዳኛው ጭራውን ቀና አደረገ፤ በመጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ነፋስ ነው ቢባል ለነፋስ ስድብ ነው፤ ቀጥሎ ፋንድያው። ንጉሥ ሲወለድ እንኳ እንዲህ ያለ ደስታ አልታየም። ባልና ሚስት ፋንድያ ላይ ጎንበስ ብለው ሲሳሳቁ ሐኪሟ ቦርሳዋን እንደያዘች በአጥሩ በር ገባች። ተመለከተች፤ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ድዱን አየች፣ አዳመጠች፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ዛሬ ተርፏል» አለች። ፊቷ ግን አልሳቀም። «የሚቀጥለው ቀን የእርስዎ ነው።»

በማግስቱ ጋሼ እሺ የጋጣውን በር ተደግፎ ቆመ። መጀመሪያ የመጣው ልብስ ሰፊው ነው፤ ቁራሹን በመርፌ ትራስ ሥር ደብቆ።

«አይሆንም» አለው ጋሼ እሺ።

ልብስ ሰፊው ሳቀ። ቀልድ መሰለው። «ትንሽ ብቻ።»

«አይሆንም አልኩህ።» እና ልብስ ሰፊው አፉን እንደከፈተ ቁራሹን ከእጁ ነጥቆ ራሱ በላው። «እኔ አልተሰፋሁም፤ ለእኔ አምጣ።»

ይሄኛው ቀለለው። እማማ ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መንገዱን ሁሉ እንዳይደፋ እየተጠነቀቁ ሲመጡ ግን የጋጣውን በር አጥብቆ ያዘ።

«ዛሬ ደግሞ ስኳር አልጨመርኩበትም» አሉ። «ልስላሴ ነው።»

«እማማ፣ አይበላም።»

«ትንሽ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«እምቢ፣ እማማ።»

ሳህኑ በእጃቸው ላይ ቆመ። ከዚያ ዓይናቸው ከእሱ ትከሻ አልፎ ወደ ቤቱ በር ሄደ። «ይህ የሚስትህ ቃል ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። እንደ ወትሮው። ክፋቱም ወደ ለመደበት ቤት ይገባ ነበር።

«የእሷ አይደለም» አለ። «የእኔ ነው። ያኔም ቁም ሳጥኑን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አፉ ብቻ ነው የእሷ። እኔ ፈርቼ እሷን ላክኋት።»

እማማ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«እማማ፣ እርስዎ ያጎረሱኝ ሌላ የሚያጎርሰኝ ስላልነበረ ነው። ለዳኛው ግን መንገዱ ሁሉ እናቱ ነው። እሱን የጣለው ይኸው ነው።»

አሮጊቷ ሳህኑን ይዘው ዞሩ። ሲመለሱ ሻዩ ይፈስ ነበር፤ አሁን አልተጠነቀቁለትም። ጋሼ እሺ ተከትሏቸው ሊሮጥ አንድ እግሩን አነሳ፤ ዳኛው ከጋጣው ውስጥ አንኮራፋ፤ እግሩን መልሶ አሳረፈ።

ከዚያ ቀን በኋላ አረንጓዴው በር ለእሱም ተዘጋ። ሲያንኳኳ መልስ የለም፤ መጋረጃው ብቻ ይነቃነቃል። ሰፈሩ «ጋሼ እሺ አብዷል» አለ። ከዚያ «ሚስቱ አስደግማበታለች» አለ። ከዚያ ወሬው ሰለቸውና ወደ ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ዊግ ዞረ። እሱ ግን አልሰለቸውም፤ የሚፈራው ነገር ይኸው ደርሶበታል፤ የሚተወው ሰው ተወው። ሣሩን በእፍኝ እየሰጠ፣ ስፌቱን እያየ፣ ዳኛውን በሜዳው ላይ በዝግታ እያዞረ በየቀኑ ከዚያ ሐሳብ ጋር ኖረ። ሚስቱ ማታ ማታ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ «ቆይ፣ ይመጣሉ» አላለችውም። ውሸት አትወድም። ሻይ ትቀዳለታለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፤ ያ ዝምታ ግን ከድሮው የተለየ ነበር፤ ቂም የለበትም።

ስፌቱ ወጣ። ጸጉር በጠባሳው ላይ በቀለ። ወራት አልፈው ሐኪሟ ሆዱ ሥር ተንበርክካ በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችና «ጋሪ ይቻላል፣ ቀላል ጭነት» አለች። ሲሰነባበቱም «እሺ ያሉኝ ነገር እንደዚህ ተሟልቶ አላየሁም» ብላ በስንት ጊዜዋ ፈገግ አለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ዳኛው በየበሩ ቆመ፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ። በሮቹ ተከፈቱ። «ዳኛው፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ!» እያሉ ጋማውን ዳበሱት፤ እጃቸው ግን ባዶ ነው። ዳኛው ጥቂት ይጠብቃል፣ ይገረማል፣ ይሄዳል። ፋይሉ እየተዘጋ፣ እየተዘጋ መንገዱ ጫፍ ደረሱ።

አረንጓዴው በር ፊት ቆመ። በሩ አልተከፈተም። ጋሼ እሺ «ና» አለው። አልመጣም። ገመዱን ሳበ። ድንጋይ። ከበስተኋላ ልብስ ሰፊው «ተከሳሽ ካልቀረበ ችሎቱ አይነሳም!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ እሺ ላብ አጠመቀው።

መጋረጃው ተነቃነቀ። ቆየ። መቀርቀሪያው ተንሸራተተ፤ እማማ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ወጡ፣ እንደሚፈተሽ ሰው።

«ምንም አልያዝኩም» አሉ ለፈረሱ። «ይኸው። ፈትሽ።»

ዳኛው አሸተተ፤ አንዱን መዳፍ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ አስነጠሰባቸው።

«ባለጌ!» አሉ ፊታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፤ ከንፈራቸው ግን ሳይፈልጉ ፈገግ ብሏል። ወደ ሰውየው ሳያዩ፣ «ምሳ አለ፤ ትገባለህ?» አሉ።

አፉን ከፈተ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ከንፈሩ ላይ ነበር።

«አሁን አይሆንም፣ እማማ፤ ዳቦው ይቀዘቅዛል» አለ። «ማታ እመጣለሁ። ከሚስቴ ጋር።»

እማማ የፈረሱን ግንባር ይዳብሱ ጀመር። ረጅም ጊዜ ዳበሱት፤ አንዱን አቅጣጫ፣ ደግሞ ሌላውን።

«ቁም ሳጥኑን የእህቴ ልጅ ወስዶታል» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። እሺ።»

ዳኛው ያን ጊዜ ራሱ ጋሪውን ጎትቶ ተነሳ።